በጋምቤላ አገር የዱር አራዊት የሚታዩበት ስፍራና ወራት

በአገራችን በኢትዮጵያ ስለሚገኙ የዱር አራዊት በየትምህርት ቤቱ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚጠራው የስሜን ዋልያና የባሌ ቀይ ቀበሮ ናቸው። እነዚህም በሌላ አገር የማይገኙ የአገር ጌጦች ስለ ሆኑ መጠራታቸው የተገባ ነው። ነገር ግን በምዕራብ በኩል ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት፥ የባሮ ወንዝ በሚፈስበት በጋምቤላ አገር፥ በቍጥር ብዛት ከእነዚህ እጅግ የሚበልጥ የአራዊት መንጋ በየዓመቱ ይመጣል፥ ይመለሳልም።

ይህች ጽሑፍ ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ አዛውንት አራዊቱ የሚታዩበትን ስፍራ፥ የሚታዩበትን ወራትና የሚታዩበትን ሥርዓት ለመግለጥ ተዘጋጅታለች። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ አንድ ነው፤ እርሱም ውኃ ነው። በጋምቤላ «አራዊቱ ወዴት ናቸው?» ብሎ ከመጠየቅ አስቀድሞ «በዚህ ወር ውኃው ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ውኃውን ያወቀ አራዊቱን ያገኛል፤ ውኃውን ያላወቀ ግን ብዙ ቀን ቢዞር ከደረቀ ሣር በቀር የሚያየው ነገር አይኖርም።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

የጋምቤላ ከተማ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በመኪና የሚሄድ ሰው በጎሬ ደጋ በኩል ወርዶ ይደርሳል፤ በአውሮፕላን የሚሄድም ከከተማው በስተደቡብ ባለው በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። የጎሬ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ሲሆን የጋምቤላ ግን 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከደጋ የመጣ እንግዳ ከአውሮፕላኑ በወረደ ጊዜ ሙቀቱ ፊቱን ይመታዋል፤ ይልቁንም በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ እጅግ የጸና ነው።

አውሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ሲቀርብ በመስኮት የሚመለከት ሰው አስተዋይ ቢሆን የአገሩን ምስጢር ከሰማይ ሳለ ሊረዳው ይችላል። በበጋ ወራት ሜዳው ሁሉ ገርጥቶና በእሳት ጠቍሮ ሳለ በወንዞቹ ዳርና በረግረጉ ላይ ብቻ አረንጓዴው እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። በምድር ሆኖ አራዊትን ለማየት የሚሻ ሰው መሄድ የሚገባው ወደዚያ አረንጓዴ ነው።

በዚህ አገር ዋና ዋናዎቹ ወንዞች አራት ናቸው፤ ባሮ፥ አልዌሮ፥ ጊሎና አኮቦ ይባላሉ። ባሮ ከሁሉ ይበልጣል፤ በደጋው የቢርቢርና የገባ ወንዞች ከተገናኙ በኋላ ባሮ ተብሎ ይወርዳል። አኮቦ ደግሞ በደቡብ በኩል ኢትዮጵያን ከደቡብ ሱዳን የሚለይ የወሰን ወንዝ ነው። ባሮ ከፒቦር ወንዝ ጋራ ተገናኝቶ ሶባት የሚባለውን ወንዝ ያስገኛል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉ ስለ ትልቁ ወንዝ ተናገሩ፤ ባሮም ከደጋው ያመጣውን ውኃ ይዞ አገር ለአገር የሚዞር የዓባይ ወገን ነው።

በባሮና በጊሎ ወንዞች መካከል ያለው ሜዳና ረግረግ በ1966 ዓ.ም. ግድም የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ለዱር አራዊት መጠበቂያ ተመደበ። ወሰኑም ከጊዜ በኋላ እንደ ገና ተለክቶ ዛሬ ስፋቱ ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ካሉት ሰፋፊ ፓርኮችም አንዱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በጋምቤላ ከተማ ይገኛል።

ስለ ውኃውና ስለ ወራቱ

በጋምቤላ ዝናሙ የሚበዛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። በነሐሴና በመስከረም ወንዞቹ ከዳራቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ያን ጊዜ ከፍ ያለው መሬት በውኃ መካከል እንደ ደሴት ሆኖ ይቀራል። የባሕር ዳርቻ የሌላት አገራችን በዚህ ወራት በጋምቤላ የደሴት አገር ትመስላለች። ከኅዳር ወዲህ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ይሸሻል፤ በታኅሣሥና በጥር ረጅሙ ሣር ይደርቃል፥ ይቃጠላልም፤ ከዚያም በረግረጉና በወንዝ ዳር ብቻ ለምለም ሣር ይገኛል።

ሰውም ቢሆን በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የውኃውን ወራት ተከትሎ ኖሯል። ኑዌሩ በበጋ ከብቱን ወደ ወንዝ ዳር ያወርዳል፥ በክረምትም ጎርፍ ወደማይደርስበት ከፍታ ይመልሳል። አኙዋኩ ውኃው በሸሸበት በወንዝ ዳር መሬት በቆሎ ይዘራል፥ ዓሣም ያጠምዳል። ንግድም እንዲሁ ነበረ፤ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቅደው ነበርና፥ ከካርቱም የሚመጡት የእሳት መርከቦች ቡናውን ለመጫን እስከ ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በሞላበት ወራት ብቻ ነበረ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ያ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ጉዞ ቀረ። የደጋ ሊቃውንት በዓላትንና አጽዋማትን በባሕረ ሐሳብ ቈጥረው እንደሚያወጡ፥ የባሮ ዳር ሰውም የከብቱንና የእርሻውን ወራት በውኃው ከፍታ ያወጣል። አራዊቱም ቢሆኑ ከዚህ ሥርዓት አይወጡም።

ስለ ነጭ ጆሮ ቆርኬ

ከጋምቤላ አራዊት ሁሉ በቍጥር የሚበዛው ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው ነው። ስሙ ቆርኬ ይባል እንጂ በስንቅሌ ሜዳ ከሚጠበቀው ቆርኬ የተለየ፥ ከእርሱም የሚያንስ ነው። ወንዱ ባደገ ጊዜ ሰውነቱ ጥቍር ይሆናል፤ ጆሮው፥ የዐይኑ ዙሪያና ጕሮሮው ግን ነጭ ነው። ሴቲቱ ቀላ ያለች ናት፥ ቀንድም የላትም። ሴቲቱ በአንድ ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ስለዚህ በአንዲት ሴት ላይ የተተኰሰ ጥይት ብዙ ጊዜ ሁለት ነፍስ ያጠፋል።

ይህ እንስሳ በአንድ አገር የሚኖር አይደለም። በዝናም ወራት ወደ ደቡብ ወደ ደቡብ ሱዳን ሜዳ ይሄዳል፤ በጋው ሲጸና ግን ውኃና ለምለም ሣር ፍለጋ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ከመንጋው የሚከፈለውም ክፍል አኮቦን ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ረግረግ ይገባል። በደቡብ ሱዳን በኩል ቦማ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ከእኛ አገር ወሰን አጠገብ ነው፤ መንጋው በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው የመንግሥታት ወሰን ከመከለሉ አስቀድሞ በነበረ መንገድ ነው።

ስለ ብዛቱ ጥቂት እንናገር። በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን በኩል በአውሮፕላን ሆነው አራዊቱን ቈጥረው ነበር፤ ውጤቱም በ2016 ዓ.ም. ተገለጠ። በዚያ ቈጠራ አራት ዐይነት ተጓዥ አራዊት በድምሩ 6 ሚሊዮን ያህል መሆናቸው ተገመተ፤ ከእነዚህም ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህሉ ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው በታንዛንያ የሚገኘው የሴሬንጌቲ አራዊት ጉዞ እንኳ ከዚህ ያንሳል። ወደ ጋምቤላ የሚገባው የዚህ ታላቅ መንጋ ከፊሉ ቢሆንም፥ በአንድ ሜዳ ላይ በሺሕ የሚቈጠር እንስሳ በአንድነት ሲሄድ ለማየት በኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም።

አራዊት የሚታዩባቸው ስፍራዎች

መጀመሪያው ስፍራ ባሮ ዳር ነው። ወደ ፓርኩ ለመዝለቅ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሌለው ሰው በከተማው አጠገብና በወንዙ ተከትሎ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ብዙ ነገር ያያል። ውኃው ባነሰ ጊዜ አዞ በአሸዋው ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ጉማሬ በጥልቁ ውኃ ውስጥ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ይውላል። ዓሣ በል ንስር ከዛፍ ላይ ሆኖ ይጮኻል፤ አባ ኮዳም በከተማው ዳር ጥራጊ ሲለቅም ይታያል። ንብ የሚበሉ ቀያይ ወፎች በወንዙ ገደል አፈር ውስጥ ቀዳዳ ቈፍረው ጎጆ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ስፍራ የአልዌሮ ግድብ ነው። ከጋምቤላ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ አቦቦ በሚባለው ወረዳ ይገኛል። ግድቡ ለመስኖ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የተጠራቀመው ውኃ ለወፎች ማረፊያ ሆኗል። ይልቁንም ከጥቅምት እስከ መጋቢት የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ የውኃ ወፎች ከአገራችን ወፎች ጋራ ተቀላቅለው ይታያሉና፥ ተማሪዎችን ስለ ወፎች ለማስተማር የሚሻ መምህር ይህን ስፍራ ይምረጥ።

ሦስተኛው ስፍራ በፓርኩ ውስጥ ያለው የዱማ ረግረግ ነው። በዚህ ረግረግ በኢትዮጵያ እጅግ ጥቂት የሆነ አንድ ወፍ አለ፤ በእንግሊዝኛ ሹቢል ይባላል፥ ትርጓሜውም ጫማ መሰል ምንቃር ማለት ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር በላይ ነው፥ ቀለሙ አመድማ ነው፤ ምንቃሩም በእውነት የእንጨት ጫማ ይመስላል። ይህ ወፍ በውኃው ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል፤ አምባዛ ወይም ሳምባ ያለው ዓሣ ለመተንፈስ ብቅ ባለ ጊዜ በድንገት ይወድቅበታል። እርሱን ለማየት የሚሻ ሰውም የእርሱን ትዕግሥት መያዝ አለበት፤ «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና።

በዚሁ በረግረጉ ወገን የናይል ሌችዌ የሚባል አጋዘን መሰል እንስሳ ይኖራል። በዓለም ላይ የሚገኘው በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ ብቻ ነው፤ ዛሬም ለመጥፋት ከተቃረቡት አራዊት ይቈጠራል። ሰኰናው ረጅምና የሚዘረጋ ስለ ሆነ በጭቃ ላይ ሳይሰጥም ይሄዳል፤ በደረቅ መሬት ግን ሩጫው ያን ያህል አይደለም። ረግረጉ ከደረቀ የእርሱ ኑሮ አበቃ ማለት ነው።

አራተኛው ስፍራ በጊሎ ወንዝ አካባቢና በፓርኩ ምዕራባዊ ክፍል ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ነጭ ጆሮ ቆርኬ በመንጋ የሚታየው በዚህ ነው፤ የሚመረጠውም ወራት ከጥር እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው። ዝናሙ ከጀመረ በኋላ ግን ጥቍሩ አፈር ጭቃ ስለሚሆን መኪና አያሳልፍም፤ መንጋውም ወደ ደቡብ ይመለሳል። በዚህ ሜዳና በዳሩ ባለው ጫካ ጎሽ፥ ከርከሮ፥ ቦሆርና ደፈርሳ ይገኛሉ፤ አንበሳና ነብርም አሉ፤ ዝሆንና ቀጭኔ ግን ቍጥራቸው ስላነሰ ሁልጊዜ አይታዩም።

አምስተኛው ስፍራ ከሜዳው የተለየ ነው፤ እርሱም በምሥራቅ በኩል ያለው የመዠንግር ደን ነው። ይህ ደን በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ከተመረጡት የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። በዚያ ጉሬዛ በዛፍ ጫፍ ላይ ሲዘል ይታያል። የሜዳው ወንዞች ውኃቸውን የሚያገኙት በላይ ካለው ከደኑና ከደጋው ነውና፥ ደኑ ተቈርጦ ቢያልቅ በታች ያለው ረግረግም እንደማይተርፍ ለተማሪዎች መግለጥ ያስፈልጋል።

ስለ አመለካከት ሥርዓት

አራዊትን ለማየት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ፈቃድ ይቀበል፤ የመንገዱንም ደኅንነት ከአካባቢው ሹማምንት ይጠይቅ፤ ያለ ጠባቂና ያለ አገር ሰው መሪነትም አይግባ። ሰዓቱ ከንጋት እስከ ጧቱ 3 ሰዓት፥ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መግቢያ ይሁን፤ በቀትር አራዊቱ በጥላ ያርፋሉና። ነጭ ጋቢና ነጭ ነጠላ በደጋ የክብር ልብስ ቢሆንም በሜዳ ላይ ከሩቅ ስለሚያበራ አራዊቱን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ አፈር ወይም ደረቅ ሣር የሚመስል ልብስ ይለበስ። ነፋሱ ከአራዊቱ ወደ ሰው እንዲነፍስ አድርጎ መቆም ይገባል፤ እንስሳ ሰውን ከማየቱ አስቀድሞ በሽታው ያውቀዋልና።

ከሁሉ ይልቅ ከውኃ ዳር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አንድ ወጣት የውጭ አገር ሰው በጋምቤላ በባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ ገደለው። አዞ በውኃ ውስጥ ተደብቆ ሳለ አይታይም፤ ስለዚህ ተማሪዎች በማያውቁት ስፍራ ውኃ ለመቅዳትም ሆነ እግራቸውን ለመታጠብ አይጠጉ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውኃ ወጥቶ ሳለ በእርሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ሰጠ። ብቻውን የቀረ ጎሽም ከመንጋው ይልቅ ይፈራል። ወባ በአገሩ ስለ ጸና የሚያድር ሰው አጎበር ሳይዝ አይሂድ።

ስለ ጥበቃ

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ የሚቆየው መንገዱ ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ተጓዥ እንስሳ በአንድ ስፍራ እንደሚኖር እንስሳ አይደለም፤ ማደሪያው በሙሉ ቢጠበቅለትና መተላለፊያው በአንድ ስፍራ ብቻ ቢዘጋ ይጠፋል። ምሳሌውም የወፍጮ ቦይ ነው፤ ቦዩ በሌላ ስፍራ ሁሉ ደኅና ሆኖ በአንድ ክንድ ቢደፈን ድንጋዩ መዞሩን ያቆማል።

መንገዱን የሚያጠብቡ ነገሮች ብዙ ናቸው። ቀድሞ በጦር ይታደን የነበረው እንስሳ ዛሬ ብዙ ጥይት በሚተፋ ጠመንጃ ይገደላል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለሰፋፊ እርሻ የተሰጠው መሬት የአራዊቱን ሜዳ ነክቷል። በጎረቤት አገር በተነሣው ጦርነት ምክንያት በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠር ስደተኛ በጋምቤላ ተጠልሏል፤ የተራበና ቤቱ የፈረሰ ሰው እንጨት ቢቈርጥ ሊፈረድበት አይገባም፥ ዛፉ ግን አለቀ። በእነዚህ ሁሉ መካከል አራዊቱን የሚጠብቁት ሰዎች ቍጥር ከስፋቱ ጋራ ሲመዛዘን ጥቂት ነው።

ሕግ የለም ማለት ግን አይደለም። የዱር አራዊትን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ደግሞም በ2007 ዓ.ም. በኢኳዶር ከተማ በኪቶ በተደረገው ስለ ተጓዥ አራዊት በሚመክረው የመንግሥታት ጉባኤ፥ ኢትዮጵያ ባቀረበችው ሐሳብ ነጭ ጆሮ ቆርኬ መንግሥታት ተባብረው ሊጠብቋቸው ከሚገቡ አራዊት መዝገብ ገባ። ስለዚህ በጊሎ ዳር የሚገደለው ቆርኬ የአንድ መንደር ወይም የአንድ መንግሥት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሕዝብ በአደራ የያዘው ነው። ሕግ ግን በወረቀት ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ በሜዳው ላይ የሚያጸናው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

ለመምህራንና ለአዛውንት

አዛውንት ሆይ፥ መንጋው በስንት ወር እንደሚመጣ፥ በየትኛው መሻገሪያ እንደሚያልፍ፥ ቀድሞ ይደርስበት የነበረና ዛሬ የማይደርስበት ሜዳ የትኛው እንደ ሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህ ዕውቀት ሳይጻፍ ከእናንተ ጋራ ቢቀበር የሚተካው የለም፤ በሰማይ የሚበር አውሮፕላን የዛሬውን ይቈጥራል እንጂ የዛሬ ኀምሳ ዓመቱን ሊነግረን አይችልም።

መምህራን ሆይ፥ ለትምህርት ቤታችሁ አንድ መዝገብ ክፈቱ። በየዓመቱ ወንዙ ሜዳውን የለቀቀበትን ቀን፥ የመጀመሪያው መንጋ የታየበትን ቀንና ስፍራ፥ ዝናሙ የጀመረበትንና መንጋው የተመለሰበትን ቀን ተማሪዎች ይጻፉበት። አዛውንቱን ወደ ትምህርት ቤት ጠርታችሁ ቃላቸውን ከስማቸውና ከዕድሜያቸው ጋራ አስመዝግቡ። በደጋ የምታስተምሩም ብትሆኑ ከዚህ ሥራ ውጭ አይደላችሁም፤ የባሮ ውኃ የሚነሣው ከእናንተ አገር ነውና፥ ምንጩ የሚደርቅበትንና ደኑ የሚመነጠርበትን ዓመት ጻፉ። የደጋው መዝገብና የቆላው መዝገብ በአንድነት በተነበቡ ጊዜ፥ ውኃው ወዴት እንደ ሄደና አራዊቱ ስለ ምን እንደ ቀሩ ወይም ስለ ምን እንደ በዙ ለሚጠይቁት ልጆች መልስ ይገኛል።